ፒየር ኮኒግና የብረት ቤቶቹ፦ ጥያቄና መልስ

በሎስ አንጀለስ ስለሠራው አርክቴክት ስለ ፒየር ኮኒግ ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹን ከዚህ በታች መልሻለሁ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በዙሪያው ያለው ሰው ቤቱን በእንጨት ሲሠራ እሱ ብረትን ለምን መረጠ?

መልስ፦ ገና የአርክቴክቸር ተማሪ ሳለ በ1950 ግሌንዴል ውስጥ ለራሱ የብረት ቤት ሠርቷል። ብረት በእንጨት ቦታ የሚተካ ሳይሆን የራሱ ባሕርይ ያለው በመሆኑ፣ ቤቱ ከመጀመሪያው ንድፍ ጀምሮ ለብረት ተብሎ መታሰብ እንዳለበት ያምን ነበር፤ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 2004 ድረስም ከዚህ አልተለየም።

ጥያቄ፦ በገደል አፋፍ ላይ ያለው የመስታወት ቤት እንዴት ቆመ? ፎቶግራፉን ባየሁ ቁጥር ይገርመኛል።

መልስ፦ የጠየቁኝ በ1960 ስለተጠናቀቀው ስለ ስታል ቤት ነው። ምሰሶዎቹ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ውፍረት ያላቸው ሲሆኑ፣ በመካከላቸው ስድስት ሜትር ያህል ክፍት ቦታ አለ፤ የጣራው ክብደት በአግዳሚ ብረቶቹ በኩል ወደነዚህ ምሰሶዎች ስለሚወርድ ግድግዳው የሚሸከመው ነገር የለውም። መስታወት ከወለል እስከ ጣራ ሊገባ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ጁሊየስ ሹልማን ያነሣው ፎቶግራፍ፣ ሁለት ሴቶች ከከተማው መብራት በላይ ተቀምጠው የሚታዩበት፣ ቤቱን በዓለም ዙሪያ አሳውቆታል። ይሁንና ፎቶግራፉ የማያሳየው አንድ ነገር አለ፤ በመንገዱ በኩል ቤቱ ዝግ ነው። ከመንገድ የመጣ እንግዳ መጀመሪያ የሚያገኘው ድፍን ግድግዳ ነው፤ አልፎ ሲገባ የመዋኛው ውኃና ከተማው በአንድ ጊዜ ይገለጡለታል። በእኔ አስተያየት የቤቱ ትልቁ ጥበብ ይኸው መዝጋትና መክፈቱ ነው።

ጥያቄ፦ እንዲህ ያለ ቤት በበጋ አይሞቅም?

መልስ፦ ኮኒግ ይህን በሚገባ አስቦበታል። ከስታል ቤት ቀደም ብሎ በሠራው በቤይሊ ቤት መስታወቱን በሰሜንና በደቡብ ብቻ አድርጎ፣ የጠዋትና የማታ ፀሐይ የሚመታባቸውን ምሥራቅና ምዕራብ በብረት ዘግቷል። ቤቱን የከበበው ውኃም በፓምፕ ወደ ጣራ ይወጣና ተመልሶ ወደ ኩሬዎቹ ይወርዳል፤ ማቀዝቀዣም ጌጥም ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ እነዚህ ቤቶች የሀብታም ብቻ አልነበሩም?

መልስ፦ ዓላማው ይህ አልነበረም። ሁለቱም ቤቶች የተሠሩት የአንድ የሥነ ሕንፃ መጽሔት አዘጋጅ የነበረው ጆን ኤንቴንዛ በ1945 በጀመረው የአርአያ ቤቶች ፕሮግራም ውስጥ ነው፤ ኮኒግም የፋብሪካ ብረት በብዛት እየተመረተ መካከለኛ ገቢ ላለው ቤተሰብ የሚበቃ ቤት እንዲሆን ይፈልግ ነበር። ሆኖም ግንበኞቹ የለመዱትን እንጨት አልተዉም፣ የባንክ ብድርም ለተለመደው ቤት ይቀልል ነበር። ይህን ሳስብ አዝናለሁ፤ ቤይሊ ቤት የአንድ ተራ ቤተሰብ መኖሪያ እንዲሆን የታሰበ ትንሽ ቤት ነበርና።

ጥያቄ፦ ቤይሊ ቤት ዛሬም እንደ ቀድሞው ነው?

መልስ፦ በየጊዜው በተጨመሩበት ነገሮች ተለውጦ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ግን ኮኒግ ራሱ፣ ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ፣ ወደ መጀመሪያ መልኩ መልሶታል።