አረጋውያን ወላጆችን ይዞ መብረር፦ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን (ጥያቄና መልስ)

እናቴ 76 ዓመታቸው ነው፤ ቤት ውስጥ ደህና ይራመዳሉ። ዊልቸር ስላቸው «ሰው ምን ይለኛል» ብለው እምቢ አሉ። የግድ ነው?

ቤት ውስጥ መራመዳቸውን ይተዉት። ደለስ ኤርፖርት የኢሚግሬሽን ሰልፍ ላይ ለረጅም ጊዜ መቆም ይችላሉ ወይ? ካልቻሉ ይዘዙላቸው፤ ክፍያ የለውም። በረራው ቢያንስ 48 ሰዓት ሲቀረው ያስመዝግቡና የእርዳታውን ዓይነት ለይተው ይናገሩ። ደረጃ መውጣት የሚችል፣ ረጅም መንገድ ግን የሚከብደው ሰው በአየር መንገዶች አጠራር «ደብሊው ሲ ኤች አር» ይባላል፤ ደረጃም የማይወጣ «ደብሊው ሲ ኤች ኤስ»፤ ጨርሶ የማይራመድና እስከ መቀመጫው የሚወሰድ «ደብሊው ሲ ኤች ሲ»። በደፈናው «ዊልቸር» ተብሎ ሲመዘገብ ጣጣው የሚወጣው አውሮፕላኑ ራቅ ብሎ ቆሞ በደረጃ ተሳፈሩ ሲባል ነው። እናትዎን ለማሳመን «ዊልቸር» ከማለት «ሰልፍ የሚያሳልፍዎ፣ ሻንጣ የሚያወርድልዎ ሰው ይመጣል» ቢሏቸው ይቀላል፤ እውነትም ነው።

አባቴ ኢንሱሊን ይወጋሉ። አያያዙና ሰዓቱ እንዴት ይሁን?

የእጅ ሻንጣ ውስጥ ብቻ። ከታች በሚጫነው ሻንጣ ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይታመንም። በዚያው ምክንያት ከበረዶ ጋር አያነካኩት፤ በፎጣ ይጠቅልሉት። የተከፈተው ብልቃጥ ወይም ፔን ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ካልበለጠ አብዛኛውን ጊዜ 28 ቀን ያህል ያለ ፍሪጅ ስለሚቆይ፣ ለበረራው ብቻ ከሆነ አይጨነቁ። የ100 ሚሊ ሊትር ገደብ መድኃኒትን አይመለከትም፤ ፍተሻ ላይ አስቀድመው አውጥተው ያሳዩ፣ የሐኪም ደብዳቤም በእንግሊዝኛ ይያዙ። ደብዳቤው ላይ የንግድ ስሙ ብቻ ሳይሆን የመድኃኒቱ ዋና ስም ይጻፍ፤ የንግድ ስም ከአገር አገር ይለያያል።

ሰዓቱን በተመለከተ ዋሽንግተን ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ጥቅምት ማለቂያ ግድም ከአዲስ አበባ በ7 ሰዓት፣ በሌላው ጊዜ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ወደዚያ ሲሄዱ ቀኑ ይረዝማል፤ ስለዚህ የዕለቱን መጠን ሐኪማቸው አስቀድሞ በጽሑፍ ይስጥ። ፈጣኑን ኢንሱሊን የምግቡ ትሪ ፊታቸው ሳይቀመጥ አይውጉት። አውሮፕላኑ ሲናወጥ ምግብ ማደል ይቆማል፣ ስኳራቸውም ይወርዳል። ከረሜላ ኪሳቸው ይኑር። ሌላው ስሕተት የሚፈጥረው የሰዓት አቆጣጠራችን ነው፤ የመድኃኒት ሳጥኑ ላይ «8 ኤኤም» ሳይሆን «ጠዋት 2 ሰዓት» ብለው ይጻፉ።

ሽንት ቤት ላለመመላለስ ብለው ውሃ አይጠጡም። እግራቸውም ያብጣል።

መቀመጫው በመተላለፊያው ዳር፣ ለሽንት ቤት ቅርብ ይሁን፤ ግማሹ ችግር እዚያ ያልቃል። ሱሪ መሰል ዳይፐርም ይያዙላቸው፤ ባይጠቀሙበት እንኳ ስጋታቸውን ያቀልላል። የሚያሸና ክኒን ካላቸው በራስ ፈቃድ አያቋርጡ፤ ሐኪም ሰዓቱን ሊያዛውር ይችላል።

ከ4 ሰዓት በላይ የሚፈጅ ጉዞ የደም መርጋት አደጋ ይጨምራል። በየሁለት ሰዓቱ ይነሡ፤ ተቀምጠውም ተረከዝና የእግር ጣታቸውን እያፈራረቁ ያንሡ። እስከ ጉልበት የሚደርስ አጥባቂ ካልሲ ይረዳል፤ ጠዋት እግር ሳያብጥ ይለበሳል። የእግር ደም ሥር መጥበብ ወይም የስኳር ቁስል ካለ ግን ሐኪም ሳይፈቅድ አይልበሱ። ከደረሱ በኋላ፣ ሳምንታት ቢያልፉም፣ አንድ እግር ብቻ ካበጠና ካመመ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ጾም ላይ ናቸው። ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ የሆነውን ምግብ ከ24 ሰዓት በላይ ሲቀር ይዘዙ፤ አውሮፕላን ላይ ጠይቆ ማግኘት ዕድል ነው።

በርበሬና ቋንጣ? ቋንጣ አይገባም፤ ይቅር። በርበሬና ሽሮ ቢጠየቁ «አለኝ» ይበሉ። ቅጣቱ የሚመጣው ሻንጣውን ልጅ ሞልቶት እናት ሳያውቁ «ምግብ የለም» ሲሉ ነው።

ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን) ይሸፍናቸዋል? ጎብኚን አይሸፍንም። ግሪን ካርድ ያላቸውም ቢሆኑ 65 ዓመት ሞልቷቸው ለመግዛት እንኳ 5 ዓመት በተከታታይ መኖር አለባቸው። የጎብኚ ኢንሹራንስ ሲገዙ «ነባር ሕመም» የሚለውን አንቀጽ ያንብቡ፤ የቆየ ስኳርና ደም ግፊት ብዙ ጊዜ የሚቀረው በዚያ ነው።

ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ልወስዳቸው ነው። ሳንባቸው ደካማ ነው።

የአውሮፕላኑ አየር ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ዓይነት ነው፤ አዲስ አበባም ከዚያ ብዙ አትርቅም። በረራ ላይ ኦክስጅን የሚያስፈልገው ሰው ቦሌ ሲወርድም ሊያስፈልገው ይችላል ማለት ነው፤ ልዩነቱ በረራው በሰዓታት ማለቁ ነው። ቲኬት ሳይቆረጥ ሐኪማቸው ይመርምራቸው፤ የሚያርፉበት ቤትም ደረጃ የሌለው ይሁን። ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ዘመድ ካለ እዚያ ቢቆዩ ዝቅ ስለሚል ይሻላቸዋል።