መልስ፦ አሮጌ የወረቀት ገንዘብ ሁሉ ዋጋ አለው?

ወንድሜ፣ ከአያትህ ሳጥን ያገኘኸው የወረቀት ገንዘብ «ስላረጀ ብቻ መሰብሰብ አለበት ወይ?» ብለሃል። ዕድሜ ብቻውን አይበቃም። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1923 የዋጋ ንረቱ ጣሪያ ሲነካ ያተመችው የሚሊዮን ማርክ ኖት መቶ ዓመት አልፎታል። ግን ለጉድ ስለታተመ ብዙው ዛሬም በርካሽ ይገኛል። ወሳኙ ስንት ቀረ፣ ስንት ሰውስ ይፈልገዋል የሚለው ነው።

እኔ መጀመሪያ የማየው ይዞታውን ነው። ኖቱን በጠርዙ ይዘህ ወደ መብራት አዘንብለው። መሃሉ ላይ ቀጭን መስመር ካየህ ታጥፎ ያውቃል ማለት ነው። ማዕዘኖቹ ሹል ናቸው ወይስ ዶልዱመዋል? የመርፌ ቀዳዳስ? የእስክሪብቶ ጽሑፍስ? አንዲት እጥፋት እንኳ ዋጋውን ታወርደዋለች።

አደራህን፣ እንዳታጥበው፣ በካውያ እንዳትተኩሰው፣ የተቀደደውንም በፕላስተር እንዳትለጥፈው! ብዙ ሰው አሳምራለሁ ብሎ ያበላሸዋል፤ በጣም ያሳዝናል።

ተከታታይ ቁጥሩንም እይ። 000001 ከሆነ ወይም ሁሉም አሃዝ አንድ ዓይነት ከሆነ ተራ ኖት እንኳ ፈላጊ አለው። የአሜሪካ ዶላር ላይ ከቁጥሩ አጠገብ ኮከብ ካለ፣ በኅትመት ጊዜ የተበላሸን ኖት የተካ ነው። እሱም ቢሆን ሁሉም ብርቅ አይደለም።

ዋጋውን ለማወቅ ሻጭ የጠራውን ሳይሆን በጨረታ በእርግጥ የተሸጠበትን ተመልከት። እስከዚያው ከፒቪሲ በተሠራ ፕላስቲክ ውስጥ አትክተተው፤ ቀስ እያለ ወረቀቱን ይጎዳል።