ከጥቁር አዝሙድ ሙከራ ወደ አንጎል ምርምር

ውድ እህቴ፣

የአራተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ነሽ። በመመረቂያ ጥናትሽ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ጥሩ የአንቲኦክሲዳንት (ኦክሳይድ መሆንን የሚከላከል ንጥረ ነገር) ውጤት ሰጥቶሻል። አሁን የፓርኪንሰንና የአልዛይመር መድኃኒት ምርምር ውስጥ መግባት ትፈልጊያለሽ፤ በሌላ በኩል ቫይታሚን የሚያስመጣ ድርጅት በሽያጭ ሊቀጥርሽ ጠይቆሻል። የትኛው ይሻለኛል ብለሽ ጽፈሽልኛል።

በዲፒፒኤች ሙከራሽ (አንቲኦክሲዳንትን በቀለም ለውጥ በሚለካው) ሐምራዊው ፈሳሽ ወደ ቢጫ ሲለወጥ፣ በ517 ናኖሜትር ላይ ያለው ንባብም ሲወርድ አይተሻል። ዘይቱ ራዲካሉን፣ ማለትም ያልተረጋጋውን ሞለኪውል፣ አክሽፏል ማለት ነው። ስለ አንጎል ግን ይህ ውጤት ገና ምንም አይነግረንም። የተዋጠ ነገር መጀመሪያ ከአንጀት ወደ ደም መግባት፣ ጉበት ሳይሰባብረው ማለፍ፣ ከዚያም በደምና በአንጎል መካከል ያለውን አጥር መሻገር አለበት።

ፍላጎትሽ ግን መሠረት አለው። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ ከምንተነፍሰው ኦክስጅን 20 በመቶውን ይጠቀማል፤ የሕዋሶቹ ሽፋንም በቀላሉ በሚኦክሳይድ ስብ የተሞላ ነው። ቲቲፒኤ የሚባለው ዘረመል ተበላሽቶ ቫይታሚን ኢ በደማቸው መቆየት ያቃታቸው ሰዎች አሉ። ሲራመዱ ይንገዳገዳሉ፤ ሐኪሙ ጉልበታቸውን በመዶሻ ሲመታ እግራቸው አይፈናጠርም። ቫይታሚኑን በብዛት ሲያገኙ ሕመሙ መባባሱን ያቆማል። ነርቭ ያለዚህ አንቲኦክሲዳንት እንደማይኖር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

እጥረት ለሌለበት ሕመምተኛ ተጨማሪ መስጠት ግን ሌላ ጥያቄ ነው። በአሜሪካና በካናዳ ፓርኪንሰን የጀመራቸው 800 ታካሚዎች በተሳተፉበት ሙከራ፣ በቀን 2000 ዩኒት ቫይታሚን ኢ በሽታውን እንዳላዘገየ በ1993 እ.ኤ.አ. ተረጋገጠ። ኮኤንዛይም ኪው10 የተባለው ሌላ አንቲኦክሲዳንትም በ600 የፓርኪንሰን ታካሚዎች ተሞክሮ ያው ሆነ። በአልዛይመር ላይ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው የ613 ሰዎች ጥናት ደግሞ ቫይታሚን ኢ የዕለት ተዕለት ሥራ ችሎታ የሚቀንስበትን ፍጥነት እንዳዘገመ አሳየ፤ የማስታወስ ፈተናው ላይ ግን ለውጥ አላመጣም። ለምን እዚህ ሠርቶ እዚያ እንዳልሠራ የሚመረምር ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው አንቺ ብትሆኚ ደስ ይለኛል።

ስለዚህ ምክሬ ማስተርሱ ነው። ፋርማኮሎጂ ብዙ ጊዜ የፋርማሲ ወይም የጤና ዲግሪ ስለሚጠይቅ ለኬሚስት የሚቀርበው በር ባዮኬሚስትሪ ወይም የመድኃኒት ኬሚስትሪ ነው፤ መስፈርቱን ከማመልከትሽ በፊት ሬጅስትራር ጠይቂ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለውን ሲዲቲ-አፍሪካ የተባለውን ማዕከልም ተመልከቺ፤ በመድኃኒት ግኝትና በሕክምና ሙከራ ላይ ይሠራል። እስከዚያው ኤችፒኤልሲን (የድብልቅን ንጥረ ነገሮች ለይቶ የሚለካውን ዘዴ) እና ስታቲስቲክስን አጥብቀሽ ያዢ፤ እነዚህን የምትችል ረዳት የማይፈልግ ላቦራቶሪ የለም።

ቤተሰብሽ ደመወዝሽን የሚጠብቅ ከሆነ ሽያጩን ለጊዜው መያዝ ነውር የለውም። ከመፈረምሽ በፊት ግን ለደንበኛ ምን እንድትይ እንደሚፈልጉ ጠይቂ። "ፓርኪንሰንን ይፈውሳል" በይ ካሉሽ ተዪው። ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን ኢ፣ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን በሚወስድ ሰው ላይ የመድማት አደጋን ይጨምራል፤ ይህን ለገዢ መንገር የማይፈቅድ ድርጅት ለአንቺ አይሆንም።

የላክሽልኝን የጥናትሽን ማጠቃለያም አርሚው። "የአንጎል በሽታን ይከላከላል" የሚለውን አውጥተሽ "በዲፒፒኤች ሙከራ ራዲካልን አክሽፏል" በይ፤ ፈታኞችሽ መጀመሪያ የሚይዙሽ እዚያ ላይ ነው።