ከድጃን ሐዲጃ ያላት ኮምፒውተር፦ የሊኑክስ አካውንት ጥያቄዎቻችሁ

ጦሳ ከጠዋት ጀምሮ ጉም ለብሷል። ደሴ እንዲህ ስትሆን ከቤት መውጣት ያስጠላል። ጋቢዬን ደርቤ፣ ቡናዬን ይዤ የተጠራቀመ ጥያቄያችሁን ከፈትኩ። አብዛኛው ስለ አንድ ጉዳይ ሆኖ አገኘሁት፤ ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚመራ ሥርዓት) ላይ የተጠቃሚ አካውንት መረጃ መቀየር።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል። ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ስትተይቧቸው በትንንሹ የላቲን ፊደል ይሁን። ትልቅ ፊደል ሲያስፈልግ «ትልቁ» እላለሁ። ሊኑክስ ትልቁንና ትንሹን ይለያል፤ ቀልድ አያውቅም።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የምማር ተማሪ ነኝ። የኮምፒውተር ላባችን ኡቡንቱ (አንድ የሊኑክስ ዓይነት) ላይ ስሜ «ሐዲጃ» ተብሎ ገብቷል። እኔ ከድጃ ነኝ። ስም መቀየሪያ ትእዛዝ አለ ሲሉኝ ሞከርኩት፤ «አልተፈቀደም» አለኝ። የገዛ ስሜን ለምንድን ነው የማልቀይረው?

መልስ፦ የኔ እህት፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት ስም አለሽ። አንዱ ስትገቢ የምትጽፊው የተጠቃሚ ስም ነው። ሌላው ስክሪኑ ላይ የሚታየው ሙሉ ስም ነው። የተሳሳተው ሁለተኛው ይመስለኛል። እሱ ቀላሉ ነው።

ሁለቱም የሚቀመጡት ኢቲሲ በሚባለው ፎልደር፣ ፓስውድ በሚባል ፋይል ውስጥ ነው። (አጻጻፉ «ፓስወርድ» ከሚለው ቃል ኦ እና አር ሲወጡ የሚቀረው ነው።) ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መስመር አለው። መስመሩ በሁለት ነጥብ የተከፈለ 7 ቦታ አለው፦ የተጠቃሚ ስም፣ የይለፍ ቃል ምልክት፣ የተጠቃሚ ቁጥር፣ የቡድን ቁጥር፣ ሙሉ ስምና አድራሻ፣ የቤት ፎልደር፣ በመጨረሻም ሼል (ትእዛዝ ተቀባዩ ፕሮግራም)። የይለፍ ቃሉ ቦታ ላይ ኤክስ ብቻ ታያለሽ። እውነተኛው ተመስጥሮ ሻዶው በሚባል ሌላ ፋይል ውስጥ ተቀምጧል።

ያንቺ ጉዳይ 5ኛው ቦታ ላይ ነው። እስከ ዛሬ ስሙ «ጄኮስ» ነው። ጄኮስ ጄኔራል ኤሌክትሪክ የሠራው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነበር። ቤል ላብስ ውስጥ የነበሩት የመጀመሪያዎቹ የዩኒክስ (የሊኑክስ ቀዳሚ) ሰዎች የሚታተም ሥራቸውን ወደ ጄኮስ ማሽን ይልኩ ነበር። እዚያ የሚታወቁበትን መለያም በዚህ ቦታ ያስቀምጡት ነበር። ጄኔራል ኤሌክትሪክ የኮምፒውተር ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1970 ለሃኒዌል ሸጦ ወጣ። ስሙ ግን ፋይሉ ውስጥ ቀረ። ሰኞ ገበያን ማክሰኞም ሰኞ ገበያ እንደምንለው ማለት ነው።

የሞከርሽው ትእዛዝ ሲኤችኤፍኤን ነው። ዴቢያን በሚባለው ሊኑክስና በኡቡንቱ ላይ ተራ ተጠቃሚ በዚህ ትእዛዝ የክፍል ቁጥሩንና ስልኮቹን እንጂ ሙሉ ስሙን እንዳይቀይር ታግዷል። ክልከላው ኢቲሲ ውስጥ ባለው ሎግን ዴፍስ በሚባል ፋይል ተጽፏል። ምክንያት አለው። ሁሉም ስሙን እንዳሻው ቢለውጥ፣ አንዱ ቀልደኛ የመምህሩን ስም ይዞ ይገኛል።

ስለዚህ የላብ ኃላፊውን ጠይቂ። እሱ «ሱዶ ሲኤችኤፍኤን ሰረዝ ኤፍ» ብሎ፣ ሙሉ ስምሽን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ፣ ቀጥሎ የተጠቃሚ ስምሽን ይጽፋል። (ሱዶ ትእዛዙን በኃላፊ ሥልጣን ያስኬዳል።) አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አንቺም «ጌትኤንት ፓስውድ» ብለሽ የተጠቃሚ ስምሽን ብታስከትዪ መስመርሽን ታዪዋለሽ። ደግሞ ስልክሽን እዚያ አትሙዪ። ፋይሉን ማሽኑ ላይ አካውንት ያለው ሁሉ ማንበብ ይችላል።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ደሴ ሆጤ አካባቢ። ሙሉ ስሜን በራሳችን ፊደል ላስገባ ፈለግሁ። ልጄ ግን «ሁለት ነጥብ ካለበት ፋይሉ ይበላሻል» ብሎ አስፈራራኝ።

መልስ፦ ጋሼ፣ ልጅዎ ግማሽ እውነት ይዟል። ፋይሉን የሚያበላሸው የላቲኑ ሁለት ነጥብ ነው። የኛ ሁለት ነጥብ ለዓይን ቢመሳሰልም ለኮምፒውተሩ ፍጹም ሌላ ምልክት ነው። ነጠላ ሰረዛችንም እንዲሁ ከላቲኑ ኮማ ይለያል። ሲኤችኤፍኤን ሙሉ ስም ውስጥ የማይቀበለው የላቲኑን ሁለት ነጥብ፣ ኮማና የእኩል ይሆናል ምልክት ነው። በአማርኛ ሲጽፉ ከእንግሊዝኛ ውጭ ያለ ፊደል እንዳየ ያስጠነቅቅዎታል፤ ግን ይቀበላል። አይደንግጡ።

የተጠቃሚ ስሙን ግን በትንንሽ የላቲን ፊደል ይተዉት። ብዙ ፕሮግራም እሱን ነው የሚጠብቀው።

በመስኮቱ በኩል ስምዎ ቆንጆ ሆኖ ይታያል። በጥቁሩ ኮንሶል ግን ሳጥን ሳጥን ሊሆንብዎ ይችላል። መፍትሔው ዴቢያንና ኡቡንቱ ውስጥ አለ። የኮንሶል ማስተካከያው ለኢትዮጵያ ፊደል የሚሆኑ «ጎሃ» እና «ጎሃ ክላሲክ» የሚባሉ ቅርጾች ይዟል። እኔ መጀመሪያ ሳየው ብቻዬን ሳቅሁ። የሆነ ሰው አስቦልናል።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው ብሮ? ሰኢድ ነኝ ከኮምቦልቻ። አርዱዪኖ (በፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ ሰርኪዩት) ከላፕቶፔ ጋር አልገናኝ ሲል፣ «ዳያልአውት ግሩፕ ውስጥ ግባ» የሚል ምክር አግኝቼ «ሱዶ ዩዘርሞድ ሰረዝ ትልቁ ጂ ዳያልአውት ሰኢድ» አልኩ። በማግስቱ ላፕቶፑን ስከፍት አርዱዪኖው ሠራ! ሱዶ ግን አልሠራ አለ። «ሱዶየርስ ፋይል ውስጥ የለህም፣ ጉዳዩ ሪፖርት ይደረጋል» አለኝ። ለማን ነው ሪፖርት የሚደረገው? ወላሂ ፈራሁ።

መልስ፦ ላንተው ነው ሰኢድ። የማሽኑ ኃላፊ አንተ ነህ።

የጎደለህ አንዲት ትንሽ «ኤ» ናት። ትልቁ ጂ ብቻውን ሲሆን ትርጉሙ «ይሄን ግሩፕም ጨምርልኝ» አይደለም። «ከዋናው ግሩፕ ሌላ ያሉኝ እነዚህ ብቻ ይሁኑ» ማለት ነው። አንተ ዳያልአውትን ብቻ ስለጻፍክ ከሱዶ፣ ከማተሚያው፣ ከሁሉም አወጣህ። ሰረዝ፣ ትንሹ ኤ፣ ትልቁ ጂ ብትል ኖሮ ይጨምርልህ ነበር። በዚህ ያልተመታ የሊኑክስ ሰው ካለ አሳዩኝ።

ለምን በማግስቱ? ግሩፕህ የሚነበበው ስትገባ ነው። የተከፈተው ሴሽን የድሮውን ይዞ ይቀጥላል። በዚያው ቀን፣ ሳትወጣ ደርሰህበት ቢሆን፣ በዚያው ተርሚናል (የትእዛዝ መስኮት) ሱዶ ብለህ ታስተካክለው ነበር። አሁን ግን ረጅሙን መንገድ ትሄዳለህ።

ላፕቶፑን አጥፍተህ አብራ። ሲነሳ ሺፍትን ይዘህ ቆይ፤ አዲሶቹ ማሽኖች ላይ ኢስኬፕን ጠቅ አድርግ። የግሩብ (የማስነሻ ፕሮግራሙ) ሜኑ ይመጣል። «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ «ሪከቨሪ ሞድ»፣ ከዚያ «ሩት» (የማሽኑ የበላይ ተጠቃሚ) የሚለውን ምረጥ። ዲስኩ ለንባብ ብቻ ተከፍቶ ሊሆን ስለሚችል «ማውንት ሰረዝ ኦ ሪማውንት» ብለህ፣ ኮማ፣ አርደብሊው፣ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ ወደ ፊት ያዘነበለችውን ሰረዝ ጻፍ።

ቆይ፣ አትቸኩል። ዩዘርሞድን ከመንካትህ በፊት ኢቲሲ ውስጥ ግባ። «ግሩፕ» ከሚለው ፋይል ጎን፣ ስሙ መጨረሻ ላይ ሰረዝ ያለበት መንትያው አለ። እሱ ከመጨረሻው ለውጥ በፊት የነበረው ቅጂ ነው። የት የት ግሩፕ ውስጥ እንደነበርክ እዚያ ተጽፏል። አሁን ሌላ ለውጥ ካደረግህ ግን ቅጂው ይተካና ማስረጃህ ይጠፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ገልብጠው። ከዚያ በትንሿ ኤ እና በትልቁ ጂ ሁሉንም በኮማ ለይተህ መልሳቸው። ሪስታርት አድርግ፣ አለቀ።

ሪከቨሪው የይለፍ ቃል ሳይጠይቅህ ሩት ካደረገህ፣ ላፕቶፕህን ያነሳ ሌባም እንደዚያው ነው። ዲስክ ማመስጠርን አንድ ቀን አስብበት።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ትንሽ የሒሳብ ቢሮ አለችኝ። አንድ ሠራተኛዬ ለቀቀ። አዲሷ ልጅ በሱ አካውንት እንድትሠራ ስሙን በሷ ስም ብቀይረውስ? ፋይሎቹ ሁሉ እዚያ ናቸው።

መልስ፦ ይቻላል። ግን አልመክርዎትም።

አሠራሩ ይሄ ነው። ልጁ ከማሽኑ ወጥቶ መሆን አለበት። «ዩዘርሞድ ሰረዝ ትንሹ ኤል»፣ አዲሱ ስም፣ ቀጥሎ አሮጌው። ይሄ የተጠቃሚ ስሙን ብቻ ይለውጣል። የቤት ፎልደሩን ለማዛወር ሰረዝ ዲ ከአዲሱ ቦታ ጋር፣ ደግሞ ሰረዝ ኤም ይጨምሩ። የግሩፑን ስም «ግሩፕሞድ ሰረዝ ኤን» ይቀይረዋል። በክሮን (ሥራን በሰዓቱ በሚያስነሳው ፕሮግራም) የተቀጠሩ ሥራዎች ካሉ ግን አብረው አይሄዱም፤ በእጅ ማስተካከል አለብዎ።

የማልመክርበት ምክንያት ቁጥሩ ነው። ሊኑክስ ፋይል የማን እንደሆነ የሚጽፈው በስም ሳይሆን በተጠቃሚ ቁጥር ነው። ኡቡንቱ ላይ የመጀመሪያው ሰው 1000 ነው፣ ቀጣዩ 1001። ስሙን ሲቀይሩ ቁጥሩ አይቀየርም። አምና ልጁ የጻፈው ሰነድ ሁሉ ዛሬ ተነሥቶ «የልጅቱ ነው» ይላል። በሒሳብ ቢሮ ውስጥ ይሄ ጭቅጭቅ መጥራት ነው። አካውንቱን ደምስሶ ሌላ መክፈትም ያው ነው። የተለቀቀው ቁጥር ለአዲሷ ሊደርሳት ይችላል፤ ያልተሰረዘ የልጁ ፋይል ካለ በዝምታ የሷ ይሆናል።

ለሷ አዲስ አካውንት ይክፈቱ። የሚያስፈልጋትን ፋይል «ሲኤችኦውን» በሚለው ትእዛዝ ወደ እሷ ያዙሩ። የልጁን አካውንት ይቆልፉት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ፓስውድ ሰረዝ ኤል» የሚቆልፈው የይለፍ ቃሉን ብቻ ነው። ልጁ በኤስኤስኤች ቁልፍ ከሩቅ ይገባ ከነበረ አሁንም ይገባል። «ዩዘርሞድ ሰረዝ ትልቁ ኤል፣ ሰረዝ ኢ 1» ይበሉ። ይሄ የይለፍ ቃሉንም ይቆልፋል፣ አካውንቱ ጊዜው ያለፈበትም ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ ይሄ ሁሉ ትእዛዝ ምን ያደርጋል? ፋይሉን በኤዲተር ከፍቼ ባስተካክለውስ?

መልስ፦ እኔም እንዳንተ ብዬ ነበር። ከዓመታት በፊት፣ ደሴ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ላይ የራሴን ስም ለማስተካከል ፋይሉን ከፍቼ፣ ሳላውቀው አንዲት ሁለት ነጥብ አጠፋሁ። አስቀምጬ ወጣሁ። ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ስገባ ስልኬ ጮኸ። የሆነ ነገር ቆሟል። ተመለስኩ። ሱዶ ስል «አንተ መዝገቡ ውስጥ የለህም» አለኝ። እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ የለሁም። ሩት ሆኖ የቀረ አንድ የተከፈተ ተርሚናል ባይኖር ኖሮ እዚያው ማደሬ ነበር።

የግድ በእጅህ ከፈለግህ ቪአይፒደብሊው የሚባለውን ተጠቀም። ፋይሉን ቆልፎ ነው የሚከፍትልህ፤ ሌላ ትእዛዝ በመሃል ገብቶ አይደባልቀውም። ስትጨርስ ፒደብሊውሲኬ በል፣ የተሳሳተ መስመር ካለ ይነግርሃል።

ጥያቄ፦ የይለፍ ቃሌን ረስቼው ወንድሜ በሱዶ ቀየረልኝ። አሁን ብሮውዘር ስከፍት የድሮውን የሚጠይቅ መስኮት ይመጣል።

መልስ፦ ያ መስኮት የኪይሪንግ ነው፤ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችሽ ሳጥን። በድሮው የይለፍ ቃል ተቆልፏል፣ ወንድምሽ ደግሞ የለወጠው የበሩን ብቻ ነው። የድሮው ትዝ ካለሽ «ፓስወርድስ ኤንድ ኪይስ» በሚለው ፕሮግራም የ«ሎግን» ኪይሪንጉን የይለፍ ቃል ቀይሪ። ካልታወሰሽ ሳጥኑን መሰረዝ ነው። ውስጡ ያለው ይጠፋል።

ጥያቄ፦ እኔ ማክ ነው ያለኝ። ፓስውድ ፋይሉን አገኘሁት፣ የኔ ስም ግን የለም።

መልስ፦ አይኖርም። ማክ አካውንቶችን ኦፕን ዳይሬክተሪ በሚባል ሌላ መዝገብ ነው የሚይዘው። ፋይሉን የሚያነበው በነጠላ ተጠቃሚ ሁነታ ሲነሳ ብቻ ነው። ሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ ዩዘርስ ኤንድ ግሩፕስ ግባ።