መልስ፦ ያገለገለ የስፖርት መኪና እንዴት ገዛችሁ?
ጠያቂያችን ባለንብረቶች ያገለገሉ የስፖርት መኪኖቻቸውን እንዴት እንደገዙና ምን አይተው እንደወሰኑ ስለጠየቁ የራሴን ላካፍልዎ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ልቤ መጀመሪያ የሄደው ፖርሸ ቦክስተር ላይ ነበር፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ትውልድ ሞተር ውስጥ ያለ አንድ ኩሽኔታ ከተሰበረ ሞተሩን እስከ መጨረሻው ሊያበላሽ እንደሚችል ስረዳ ተውኩት።

በመጨረሻ የ1994 ማዝዳ ሚያታ፣ ባለ 1.8 ሊትር ሞተሩን፣ ከአንድ ጡረተኛ ጎረቤቴ ገዛሁ። እሳቸው የሸጡት ጉልበታቸው ከዚያ ዝቅተኛ ወንበር መነሣት ስላቃተው እንጂ መኪናው ስላስቸገራቸው አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ሻጭ ደግሞ በቀላሉ አይገኝም።

በዚህ መኪና ላይ ከሞተሩ ይልቅ የሚያሠጋው ዝገት ነው። ከሸራው ጣሪያ የሚወርደው ዝናብ የሚወጣባቸው ከወንበሮቹ ኋላ ያሉ ቱቦዎች በቅጠልና በአፈር ሲደፈኑ፣ ውኃው ከበሩ ሥር ባለው ውስጡ ባዶ በሆነ ብረት ውስጥ ይጠራቀምና ከውጭ ሳይታይ ከውስጥ ይበላዋል። ስለዚህ በፈቃዳቸው አንድ ጆግ ውኃ በየጎኑ አፈሰስኩ፤ በቀኝ በኩል ወዲያው አስፋልቱ ላይ ወረደ፣ በግራ በኩል ግን ቆመ። ተንበርክኬ የበሩን ሥር በጣቴ ስጫነው ብረቱ ጠንካራ ነበር፤ ቱቦውን በቀጭን ሽቦ ብንጠርገው ጥቁር ጭቃ ወጣ፤ እሳቸውም አፍረው 300 ዶላር ቀነሱልኝ። የሞተሩ ቺንጋ የተቀየረበትን ደረሰኝ ደግሞ ሳልጠይቃቸው ከመሳቢያ አውጥተው ሰጡኝ።