ጎማ ላይ ተቀምጦ ዋተር ፖሎ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ ጨዋታ ናቸው። አሜሪካ ኮሌጆች ውስጥ ሴሚስተር ሲጀመር የግቢ ውስጥ ውድድር ምዝገባ ይከፈታል። ወንድና ሴት አንድ ቡድን ሆነው የሚጫወቱት የጎማ ላይ ዋተር ፖሎም በብዙ ግቢዎች አለ። ዋተር ፖሎ ገንዳ ውስጥ ሆነው ኳስ በእጅ እየተቀባበሉ ግብ የሚያገቡበት ጨዋታ ነው፤ በዚህኛው ግን ተጫዋቾቹ ካላማዳሪ (ንፋስ የተሞላ የጎማ ውስጠኛ ክፍል) ላይ ይቀመጣሉ። እኔ በምኖርበት ከተማ የመዝናኛ ሊግ ውስጥ እጫወታለሁ፤ ዳኛ ሲጠፋም አጫውታለሁ። ስለዚህ ዛሬ ሌላውን ሁሉ ወደ ጎን ትቼ ይህንኑ ልመልስ።

ይህ ጨዋታ ለሁሉም አንድ ሕግ የሚያወጣለት የበላይ አካል የለውም። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲና ሊግ የራሱን ያወጣል። እኔ የምጽፈው አብዛኞቹ የሚስማሙበትን ነው። የእናንተን ሊግ ሕግ ሳታነቡ ግን ገንዳ እንዳትገቡ።

«ዶርም የምትጋራኝ ልጅ ቡድናችን ሰው ጎድሎታል፣ ግቢ እያለችኝ ነው። ስለ ዋተር ፖሎ ምንም አላውቅም። ዋናም እምብዛም ነኝ። ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?» — ተማሪ፣ ከሲያትል

ጨዋታውን አለማወቅሽ አያሳስብሽ። መጀመሪያውኑ የተፈጠረው እንዳንቺ ላለ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የግቢ ውስጥ ስፖርት ኃላፊ የነበሩት ጋሪ ኮልበርግ፣ የዋተር ፖሎ ቡድኑ ልጆች እንዴት እንደሚደሰቱ አዩ። ልምድ የሌለው ሰውም ይህን ደስታ ይቅመሰው ብለው ተጫዋቾቹን ካላማዳሪ ላይ አስቀመጧቸው። በመደበኛው ዋተር ፖሎ ከበረኛው በስተቀር የገንዳውን ወለል መርገጥ ክልክል ነው። 8 ደቂቃ በሚቆዩ 4 ክፍለ ጊዜዎች እግርሽን ሳታሳርፊ እየተንሳፈፍሽ ትጫወቻለሽ። ያለ ረጅም ልምምድ የሚሞከር አይደለም። እዚህ ግን መቀመጫሽን ጎማው መሃል አድርገሽ፣ ጀርባሽን ደገፍ ብለሽ፣ በእጅሽ ወደ ኋላ እየቀዘፍሽ ትሄጃለሽ። በአብዛኛው ከበረኛው ጋር በአንድ ወገን 7 ሰው ይሰለፋል። የአንድ ቀን ልምምድ ካደረግሽ ትለምጂዋለሽ።

ዋናው ላይ ግን ጠንከር ብዬ ልንገርሽ። ጎማው መቀመጫ ነው፤ የሕይወት አድን ጃኬት አይደለም። በዚህ ጨዋታ መገልበጥ በሕግ የተፈቀደ ነው፤ አንቺም መገልበጥሽ አይቀርም። ጥልቁ ጋ ስትገለበጪ እግርሽ ወለል አይነካም፣ ከላይሽ ጎማ አለ፣ ዙሪያሽን ደግሞ የሰው እግር ነው። ሳትደነግጪ ወጥተሽ፣ ጎማሽን ይዘሽ ተመልሰሽ መቀመጥ መቻል አለብሽ። ከምዝገባው በፊት ላይፍጋርድ (የገንዳ ነፍስ አድን ጠባቂ) ባለበት ራስሽን ፈትኚ። ያለ ጎማ ከገንዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ዋኚ፤ ከዚያ ጥልቁ ጋ ለጥቂት ደቂቃ ተንሳፈፊ። ከቻልሽ ግቢ። ካልቻልሽ ዘንድሮ ይቅርብሽና የዋና ትምህርት ጀምሪ። ብዙዎቻችን ያደግነው ገንዳ በአካባቢው በሌለበት ሰፈር ስለሆነ፣ ዋና አለመቻል የሚያሳፍር ነገር የለውም። እባክሽ ለልጅቷም እውነቱን ንገሪያት። ሰው ጎደለ ተብሎ ዋና የማይችል ሰው ጥልቅ ውሃ ውስጥ አይገባም።

«ኳሱን አቀብዬ ከእጄ ከወጣ በኋላ አንዱ ከኋላ መጥቶ ገለበጠኝ። ዳኛው ዝም አለ። ይሄ ትክክል ነው? ደግሞስ ስገለበጥ ኳሱን እንደጨበጥኩ ብወጣ ጨዋታውን መቀጠል እችላለሁ?» — ከዳላስ

ኳስ ያልያዘን ሰው መገልበጥ ጥፋት ነው። ዳኛው ለምን ዝም እንዳለ ለመረዳት ግን ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ቀረብ ብለን እንየው።

ጎበዝ ተከላካይ ከጎንህ ይጠጋና የጎማህን ጠርዝ ከታች ይዞ ወደ ላይ ያነሳዋል። በዚያን ጊዜ ክብደትህ ወደ አንድ ወገን ያደላና ወደ ኋላ ትወድቃለህ። ይህ ሁሉ የሚሆነው በአንዲት ቅጽበት ነው። ዳኛው የሚያየው ጎማው መነሳት ሲጀምር ኳሱ የት እንደነበረ ነው። በእጅህ ከነበረና እየወደቅክ ካቀበልከው ብዙዎቻችን ፊሽካ አንነፋም፤ ተከላካዩ የጀመረው ሕጉ በሚፈቅድለት ሰዓት ነውና። ኳሱ ከሄደ በኋላ መጥቶ ከገለበጠህ ግን ጥፋት ነው። ሆን ብሎ ካደረገው ደግሞ ለጊዜው ከጨዋታ ያስወጣዋል። ዳኛው ገንዳው ዳር ቆሞ ከአንድ ወገን ነው የሚያየው። አምበላችሁ በእረፍት ሰዓት በትሕትና ይጠይቀው። በጨዋታው መሃል መጮህ ግን ቅጣት ያመጣባችኋል እንጂ ውሳኔ አያስቀይርም።

ሁለተኛው ጥያቄህ ቀላል ነው። ከጎማው ከወደቅክ ኳሱን ትለቃለህ። ተመልሰህ እስክትቀመጥ ድረስም ኳስ አትነካም። በመደበኛው ዋተር ፖሎም ቢሆን ተከላካይ ሲገጥምህ ኳስ ውሃ ውስጥ መደበቅ ጥፋት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ለሁሉም ተጫዋች ነው የምለው። የሚያዘው ጎማ ብቻ ነው። አንገት፣ ፀጉር፣ ክንድ፣ የዋና ልብስ አይነካም። ከገለበጣችሁ በኋላ ደግሞ ከቦታው ዞር በሉ። የሰውዬው ራስ ከውሃ በላይ እስኪታይ ድረስ ጎማችሁን ይዛችሁ ፈቀቅ በሉለት። እኔ ሳጫውት ከምንም በላይ የማየው ይህን ነው። ኳሱን ተከትሎ የሄደ ዓይን የወደቀውን ሰው ይረሳል።

«በሊጋችን ሕግ ሴት ያገባችው ግብ 2 ነጥብ ነው። እኔ ከቡድናችን ወንዶች የተሻልኩ ዋናተኛ ነኝ። እንደ ንቀት ነው የማየው። ተሳሳትኩ?» — ከሚኒያፖሊስ

አልተሳሳትሽም፤ ግን ሕጉ ለምን እንደመጣ ልንገርሽ። ቅልቅል ሊጎች ብዙ ጊዜ 7ቱን ሰው 4 ለ3 አድርገው እንዲሰለፉ ያስገድዳሉ። እንዲያም ሆኖ ወንዶቹ እርስ በርስ ብቻ እየተቀባበሉ ሴቶቹ ጥግ ላይ ተንሳፍፈው ይቀራሉ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያናድዳል። ሁለት ነጥቡ የመጣው ኳሱ ወደ ሴቶቹም እንዲሄድ ነው።

በእኔ እምነት ግን መድኃኒቱ ይህ አይደለም። ሁለት ነጥብ ሲኖር ቡድኑ አንዲት ጎበዝ ሴት ግቡ ፊት ያስቀምጥና ኳሱን ሁሉ ለእሷ ይወረውራል። የቀሩት ሴቶች ያው ተረስተው ይቀራሉ። ሌሎች ሊጎች የተሻለ መላ አላቸው። ከግብ ሙከራው በፊት ኳሱ ቢያንስ በአንዲት ሴት እጅ ማለፍ አለበት፤ ወይም ወንዶች በተከታታይ ሁለት ግብ ማግባት አይችሉም። መጀመሪያ ላይ ለይስሙላ ነካ አድርጋ የምትመልስ ትኖራለች። ኳሱ ደጋግሞ ሲደርሳት ግን መጫወት ትጀምራለች። ሴቶች ወደ ጨዋታው የሚገቡት በዚህ ነው እንጂ በነጥብ ጭማሪ አይመስለኝም። የወንዶች ዋተር ፖሎ በ1900 ኦሊምፒክ ውስጥ ሲገባ፣ የሴቶቹ እስከ 2000 የሲድኒ ኦሊምፒክ ድረስ መጠበቅ ነበረበት። ለሴቶቹ የጎደላቸው ችሎታ ሳይሆን ዕድል ነበር።

ከአምበላችሁ ጋር ተነጋግራችሁ ለሚቀጥለው ሴሚስተር የሕግ ለውጥ ሐሳብ አቅርቡ። እግረ መንገዳችሁንም ትንሿን ኳስ ጠይቁ። የሴቶች ኳስ ዙሪያው ከ65 እስከ 67 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የወንዶቹ ከ68 እስከ 71 ነው። ትንሿ በአንድ እጅ ስለምትያዝ ለጀማሪ ወንድም ትመቻለች።

«በረኛውም ጎማ ላይ ነው የሚቀመጠው?» — ከአትላንታ

በአብዛኛው አይቀመጥም፤ ያለ ጎማ ነው የሚጫወተው። ጎማ ላይ እንዲሆን የሚያስገድዱ ሊጎችም አሉ። ገንዳው አንድ ጎኑ ጥልቅ፣ ሌላው ጥልቀት የሌለው ከሆነ አንዱ በረኛ ቆሞ፣ ሌላው እየተንሳፈፈ ይጠብቃል። ስለዚህ እረፍት ላይ ጎን መቀያየራችሁን አረጋግጡ።

«ልጄ ማተብሽን ካላወለቅሽ አትጫወቺም ተብላ ተመለሰች። በጣም ነው ያዘንኩት። ሌላው ደግሞ ከወንዶች ጋር በዚያ በተገላለጠ የዋና ልብስ መሆኗ አልተዋጠልኝም።» — እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እናቴ፣ ሐዘንዎ ይገባኛል። የከለከሏት ግን ሃይማኖቷን ጠልተው አይመስለኝም። ቀለበት፣ ሐብል፣ የጆሮ ጌጥ፣ አምባር ሁሉ ክልክል ነው። ጥፍርም መቆረጥ አለበት። አንገት ላይ ያለ ክር የሌላ ሰው ጣት ቢገባበት ወይም የጎማው ንፋስ መሙያ ቢይዘው፣ ስትገለበጥ አንገቷን ሊያንቃት ይችላል። ቢሆንም በርካታ ሊጎች የእምነት ምልክትን በልዩ ሁኔታ ያዩታል። ልጅዎ ጨዋታው ሳይደርስ ለአስተባባሪው በጽሑፍ ትጠይቅ። በፕላስተር ሰውነቷ ላይ ተለጥፎ፣ ከላዩ ጥብቅ ያለ የዋና ሸሚዝ ለብሳበት መጫወት ትችል እንደሆነ ታቅርብ። ክሩን ሰብስቦ እጅ ላይ ማሰር እንደ አምባር ስለሚታይ አያዋጣም።

የልብሱ ነገር ቀላል ነው። እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ሸሚዝና እስከ ጉልበት የሚደርስ ጥብቅ ቁምጣ ለብሳ መጫወት ትችላለች። እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው፤ ጎማው ብብትና ጭን ይልጣል። ሰፊ የጥጥ ቲሸርት ግን አይሁን፤ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል።

«የማኅበራችን ወጣቶች ክረምቱን ገንዳ ተከራይተው ሊጫወቱ አስበዋል። ከምን እንጀምር?» — ከዴንቨር

ከላይፍጋርዱ ጀምሩ። በኪራዩ ውስጥ እንዳለ በጽሑፍ አረጋግጡ። ከተጫዋቾቹ መካከል ዋና የሚችል አንዱን ዳር ማቆም አይበቃም፤ እሱም ኳሱን ነው የሚያየው።

ቀጥሎ ጎማዎቹ። ሁሉም እኩል መጠን ይሁኑ፤ ትልቅ ጎማ ያለው ሰው በቀላሉ አይገለበጥም። የንፋስ መሙያው ብረት ቆዳ ይቀዳል፤ አጥፋችሁ በወፍራም ፕላስተር ጠቅልሉት። ለመለያም ሁለት ቀለም የዋና ቆብ ይበቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ 20 ደቂቃ የሚቆዩ ሁለት አጋማሾች ይበዙባችኋል፤ በ10 ጀምሩ። ሕጉንም በአማርኛ አንድ ገጽ ላይ ጽፋችሁ ገንዳው ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ወላጆችም ያንብቡት።