«ያረጀ ፕሮግራም ላይ ቀረሁ» ላልሽው እህቴ

በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቀሽ በአንድ ሲሚንቶ ፋብሪካ መቆጣጠሪያ ክፍል ሁለት ዓመት እንደሠራሽ ጽፈሽልኛል። ሥራሽ የምድጃውን ሙቀት ከመቆጣጠሪያው ፕሮግራም ተቀብሎ ኤክሴል ላይ ወዳለው የፈረቃ ሪፖርት የሚያደርሰውን ዲዲኢ የተባለ፣ የዊንዶውስ ፕሮግራሞች መረጃ የሚቀባበሉበት መስመር መጠበቅ ነው። ጓደኞችሽ «የሞተ ቴክኖሎጂ» ይሉታል፤ እናትሽ «ባንክ ግቢ» ይሉሻል። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት፤ እኔም እንጀራዬን የጀመርኩት በፋብሪካ አቧራ ውስጥ ነውና።

ጓደኞችሽ ስለ ዕድሜው አልተሳሳቱም። ማይክሮሶፍት ዲዲኢን ያወጣው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው። በኔትወርክ ላይ የሚሠራው ዓይነቱ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ቀርቷል፤ ዲዲኢ ራሱም በ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለአጥቂዎች መግቢያ ሆኖ ስለተገኘ ዎርድ ውስጥ ተዘግቷል። ዕድሜሽን በሙሉ በእርሱ ላይ ፍጂ አልልሽም። ያስቆጣኝ ግን ሁለት ዓመትሽን ባክኖ የቀረ አድርገሽ መቁጠርሽ ነው።

በዲዲኢ ኤክሴል የፕሮግራሙን፣ የርዕሱንና የሚፈልገውን ዋጋ ስም ጠርቶ ይጠይቃል፤ ወዲያኛው ፕሮግራም ዋጋው በተለወጠ ቁጥር ይልክለታል። አንድ ሰው ሴል ውስጥ መጻፍ ጀምሮ ሳይጨርስ ለምሳ ቢወጣስ? ኤክሴል አዲስ ቁጥር መቀበሉን ያቆማል። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር አይጠፋም፣ ቀለሙም አይለወጥም፤ ባለበት ይቆያል። እኔ በወጣትነቴ እንዲህ የቆመ የሙቀት ቁጥር አምኜ የፈረቃ ሪፖርት ላይ ፈርሜአለሁ። ስህተቱን ያወቅሁት የምድጃው ሠራተኛ በእጁ ከመዘገበው ጋር ሳስተያየው ነበር፤ ዛሬም ሳስታውሰው ይከነክነኛል።

ሙያሽ እዚህ ላይ ነው፦ የሚታየው ቁጥር የአሁን ይሁን የቀድሞ መለየት። ከዲዲኢ በኋላ የመጣው ኦፒሲ የተባለው የፋብሪካ መረጃ መለዋወጫ ደንብ ከእያንዳንዱ ዋጋ ጋር የጥራት ምልክትና ሰዓት አብሮ ይልካል፤ ይህም ለዚሁ ችግር ይረዳል። አዲሱ ኦፒሲ ዩኤ ደግሞ በዊንዶውስ ላይ ብቻ የታሰረ አይደለም። አለቃሽን አስፈቅደሽ በመሞከሪያ ኮምፒውተር ላይ ከዲዲኢው ጎን ለጎን አስኪጂው፤ ሁለቱ የተለያዩበትን ጊዜና ምክንያቱን መዝግቢ። ሥራ ስትጠይቂ ያንን መዝገብ ይዘሽ ግቢ። በፋብሪካ፣ በኃይል ማመንጫ፣ በውኃ ማጣሪያ ይህን የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል።

እናትሽን አከብራቸዋለሁ፤ ነገር ግን ባንክን የመረጡልሽ ሥራውን አውቀውት ሳይሆን ለጎረቤት ሲነገር ስለሚያምር ይመስለኛል። የደመወዝሽን ግማሽ ለወንድሞችሽ መላክሽም ሊታረም ይገባዋል። ታላቅየው ሥራ ይዞ ሳለ አንቺ የእርሱን የቤት ኪራይ የምትከፍዪበት ምክንያት አይታየኝም። የምትልኪውን ወስኚ፣ በግልጽ ንገሪያቸው፤ የተረፈው ለሥልጠናሽ ይዋል።

ልማር ወይ ያልሽው ሁለተኛ ዲግሪ ይቆይ። ያሳሰበሽ እንግሊዝኛሽ ደግሞ በቃለ መጠይቅ የሠራሽውን ለማስረዳት ይበቃል።

ለሰኞ አንድ ሥራ ልስጥሽ። መቆጣጠሪያው ላይ በየሰከንዱ አንድ የሚጨምር ቆጣሪ አስገቢና ሪፖርቱ ላይ ከምድጃው ሙቀት አጠገብ እንዲታይ አድርጊ። ቆጣሪው ከቆመ ሙቀቱን ማንም እንዳያምን ለፈረቃው ሠራተኞች ንገሪያቸው።